ሀሊሞ ዋይፋዩን ያጠፋች ዕለት

ጅግጅጋ ስመጣ በግቢያችን ሁለት ቋንቋ ብቻ የሚነገር መስሎኝ ነበር፤ ሶማልኛና አማርኛ። ሦስተኛውን ያገኘሁት አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ ነው። አከራዬ ሀሊሞ በረንዳው ላይ ተቀምጣ፣ ስልኳን በዱቄት ወተት ጣሳ አስደግፋ፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ታወራለች። እጆቿ ይነሳሉ፤ አገጯን ነክተው ይመለሳሉ፤ ጣቶቿ እንደ ካፊያ ይወርዳሉ። ከዚያ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቃለች። በስልኩ መስኮት ውስጥ ፊቱን ግራሶ የነካው ወጣት በእጆቹ ይመልስላታል። ቦርሳዬን እንደያዝኩ ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ዩኒቨርሲቲ ስለ ቋንቋ ብዙ ተምሬያለሁ፤ ቋንቋ ሲስቅ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

«ልጄ ነው፤ ዴቅ» አለችኝ ስልኩን ከዘጋች በኋላ። «አይሻ ከተማ ነው ያለው፤ ወንድሜ ሻርማርኬ ዘንድ። ጋራዥ አላቸው፤ የጅቡቲ መንገድ መኪና ይጠግናሉ።»

«የምልክት ቋንቋ የት ተማራችሁ ኤዶ?»

«ማን ያስተምረናል?» አለች። «ተቸገርን፤ ሠራነው።»

ኤዶ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ይጠራታል። ዴቅ ጡት ሳይጥል የያዘው ትኩሳት ጆሮውን ወስዶበት ነበር። ሐኪም ቤት ይዛው ስትመላለስ ዕድሜው አለፈ፤ ትምህርት ቤት ስታፈላልግለት ደግሞ መስማት ለማይችል ልጅ የሚሆን አላገኘችም። እናም እናትና ልጅ ከምድጃው ጎን ተቀምጠው አንድ ቋንቋ ፈጠሩ። ሻርማርኬ ማለት ጫፉ የተጠቀለለ ጺም ነው። አርብ ማለት ፊት መታጠብ። አባት ማለት የፍየል ጆሮ ይዞ መጎተት፤ የሀሊሞ ባል ዋበሪ ቀብሪበያ ገበያ እየተመላለሰ ከብትና ፍየል ይነግድ ነበርና። ይህን ቋንቋ አጥርተው የሚናገሩት በዓለም ላይ እነሱ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሻርማርኬ እንኳ የሚያውቀው «ና፣ ሂድ፣ ብላ፣ መፍቻ አቀብለኝ» ብቻ ነው።

ዋይፋዩ የገባው በዚህ ምክንያት ነው። ዴቅ አጎቱ ዘንድ ለሥራ ሲሄድ ለሌላ እናት ስልክ ይበቃት ነበር፤ ድምፅ ትሰማለች፣ ታሰማለች። ለሀሊሞ ድምፅ ምንም አይጠቅማትም። በስልኳ ዳታ ደግሞ አይሆንም፤ ሰፈራችን ወደ ደረቁ ወንዝ ዝቅ ያለ ስለሆነ ምስሉ ይቆራረጣል፤ እጆቹ ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይፈርሳሉ። ፊት ቢፈርስ ይታወቃል። እጅ ሲፈርስ ግን ንግግሩ ይጠፋል።

መስመር የሚዘረጋው ኸሊፍ መጥቶ ከምሰሶው ገመድ ጎተተና ራውተሩን ዋበሪ ከሚተኛበት አልጋ በላይ፣ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጠው። ዋበሪ ግማሽ አካሉ ከታሰረ ቆይቷል፤ ደም ግፊት ገበያ መሐል ጥሎት ነው። መስመሩ በዴቅ መታወቂያ ወጣ። «ስሙ አንድ ነገር ላይ ይጻፍ» ያለችው ሀሊሞ ናት። ያን ዕለት የተባባሉትን ኸሊፍ እየሳቀ ነግሮኛል።

«ፓስወርዱ ምን ይሁን ኤዶ?»

«ምን ያደርጋል?»

«ሰው እንዳይገባ ነዋ።»

«ሰው ለምን አይገባም?»

ኸሊፍ የልጇን ስም አስገባላትና ከራውተሩ ጀርባ ያለችውን ቀዳዳ አሳያት። «ግራ የገባሽ ቀን እዚህ በስፒል ጫን አድርገሽ ያዢ። ሁሉንም ይረሳል፤ ከሱቅ እንደመጣ ይሆናል። ያኔ እኔን ጥሪኝ፤ እንደገና እሞላዋለሁ» አላት። የመጨረሻውን የተናገረው መሣሪያውን እየሰበሰበ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ነው። ለእሷ እንግዳ ሲወጣ የሚለው የስንብት ቃል መስሏት ነበር።

ፓስወርዱን በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ አወቀው። ይህን ለመረዳት ሀሊሞ እንዴት እንደምትኖር ማወቅ ያስፈልጋል። ዋበሪ ከወደቀ ጀምሮ ጎረቤቷ ኢስተሂል በየጠዋቱ እየመጣች አብራት ታገላብጠዋለች፤ ታጥበዋለች። ወተት ያለው ወተት ይልካል። ቧንቧ ሲደርቅ ቦቴ ያስመጣ ሰው መጀመሪያ የሚቀዳው ለሀሊሞ በርሜል ነው። ለዚህ ሁሉ የምትመልሰው አንዳች ነገር አልነበራትም፤ ሰላምታና ምርቃት ብቻ። ዋይፋዩ ሲገባ ግን የምትሰጠው ነገር አገኘች። በየቤቱ ዞራ ፓስወርዱን ነገረች፤ ለኢስተሂል ልጆች፣ ለባጃጅ ነጂው ለኢሴ፣ ማዶ ላለው ልብስ ሰፊ ሳይቀር። ከዚያ ወዲህ ከአስር ሰዓት በኋላ የግቢያችን ግንብ በውጭ በኩል ስልክ ላይ ያጎነበሰ ሰው ይደረደርበታል። ምንጣፍ አወጣችላቸው። ጫታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ኳስ ያያሉ፤ ከውጭ ዘመድ ጋር ያወራሉ።

«ኤዶ፣ እንዲህ ሲበዙ እኮ ለአንቺም አይደርስሽም» አልኳት አንድ ቀን።

«ሰው ከግንቤ ሥር ተቀምጦ ሳይ» አለችኝ «ዛፍ የሆንኩ ይመስለኛል።»

ምን እላለሁ? እኔ ግጥም እጽፋለሁ እያልኩ ወረቀት አበላሻለሁ፤ እሷ ሽንኩርት እየላጠች ትናገራለች።

አንድ ሐሙስ ዕለት አይሻ ላይ፣ ዴቅ ከአንድ ተሳቢ ሥር ተኝቶ ብረት ሲመታ ስባሪው ዘሎ ቀኝ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሻርማርኬ በዚያው መኪና ጭኖ ድሬዳዋ አደረሰው፤ ድሬዳዋዎች ወደ አዲስ አበባ ላኩት። አርብ ጠዋት ሻርማርኬ በተራ ስልክ ደወለ። ሀሊሞ ድምፁን ከፍ አድርጋ እኔም እንድሰማ በረንዳው ላይ አስቀመጠችው። በሶማልኛ ነው የሚያወሩት፤ የምችለውን ያህል እከታተላለሁ።

«ነገ ጠዋት ቀዶ ጥገና ይደረግለታል» አለ። «ዓይኑ ይተርፋል ብለዋል። ግን ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ይሸፍኑታል። ለቀናት።»

«ሁለቱንም? አንዱ ደህና አይደለም?»

«ደህናው ከተንቀሳቀሰ የታመመውም አብሮ ይንቀሳቀሳል ይላሉ። እሱ ግን ጨርቅ ባየ ቁጥር ያብዳል፤ ነርሷን ገፍትሮ ጣላት። አስተርጓሚ አምጥተውለት ነበር። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ግን አንድም አልተግባቡም።»

«እንዴት ይግባባሉ? የሷ የትምህርት ቤት ነው። የእኛ የቤት ነው» አለች ሀሊሞ።

«ስለዚህ አንቺ ንገሪው። ሳይነገረው ከተሸፈነ ያብዳል፤ ሲያብድ ቁስሉን ይቀደዋል፤ ከተቀደደ ደግሞ ዓይኑን ያጣል። ሐኪሙ ነው ያለኝ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ነገሩ ውስጤ ሲገባ ቆየ። የሚሰማበት ጆሮ የሌለው ሰው የሚሰማው በዓይኑ ነው። እሱ ሲሸፈን ዓለም የምትገባበት በር አይቀርም። ነቅቶ ጨለማና ዝምታ ብቻ ሲያገኝ፣ መሞቱን ወይም መታወሩን እንጂ ሌላ ምን ያስባል? ማንም ሊነግረው አይችልም። አንዲት ሴት ብቻ ትችላለች፤ እሷም ጅግጅጋ፣ የታመመ ባል አልጋ ሥር ናት።

ሻርማርኬ በቪዲዮ የደወለው ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ቤቱ በሚገኝበት፣ ግንቡ ሥር ቦታ በማይገኝበት ሰዓት። ዴቅ ታየ፤ አንድ ዓይኑ በጥጥ ተከድኗል፤ ሌላው ፈጦ እናቱን ይፈልጋል። ሀሊሞ ሻሿን አስተካክላ ፊቱ ተቀመጠች። የምትለው አጭር ነበር፤ ይዘጉሃል፤ ትተኛለህ፤ ከዚያ ይከፍቱሃል። መዳፎቿን አንስታ በዓይኖቿ ላይ ቀስ አድርጋ ዘጋች። ቆየች። ከዚያ እጆቿን እንደ መስኮት ከፈተች፤ ፊቷም አብሮ በራ።

ስትከፍት ግን ስልኩ ላይ ያለው የዴቅ ፊት ደርቆ ነበር። አፉ በመጠኑ እንደተከፈተ ቀርቷል። በመካከሉ መስመር ሲደክም የምትመጣው ክብ ትዞራለች፤ ትዞራለች።

ምስሉ ሲመለስ ዴቅ ቆሟል። አንድ ድምፅ ከጉሮሮው ይወጣል፤ ሰው ሲጮህ ሰምቼ አውቃለሁ፤ ራሱን ሳይሰማ የሚጮህ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር። የሻርማርኬ እጅ ታየ፤ ጣሪያ ታየ፤ ጠፋ።

መዝጋቱ ደርሶታል። መክፈቱ አልደረሰውም።

ሻርማርኬ በድምፅ ደወለ። «ምን ነግረሽው ነው? አልጋ ሥር ገብቷል፤ አልወጣም አለ።»

«አልጨረስኩም» አለች። «ሻርማርኬ፣ አልጨረስኩለትም።»

«ጨርሺለታ።»

ደጋግማ ሞከረች። ክቧ ትዞራለች። አንዴ ግንባሩ ታየ፤ አንዴ የአልጋ እግር። ወደ ውጭ ወጥቼ ግንቡን ተመለከትኩ። ምንጣፉ ሞልቶ ሰዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ተመልሼ «ኤዶ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ስልካችሁን ዝጉልን እንበላቸው» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «የሰጠሁትን መልሼ ልቀበል?»

«ለልጅሽ ነው እኮ።»

«ኢስተሂል ዛሬ ጠዋት ‹ልጄን አበላለሁ› ብላ ዋበሪን ሳታጥብ ቀረች?»

«እሺ፣ እኔ ልንገራቸው።»

«አንተ ብትነግራቸው ማን እንደላከህ ይጠፋቸዋል?» አለች። ድምፅዋ ደክሞ ነበር። «ያለኝ ይሄ ብቻ ነው። እሱንም ‹ተነሱ› ካልኩበት ነገ በምን ፊቴ ወተት እቀበላለሁ?»

ማንንም ሳያስቀይም ራውተሩን ለእሷ ብቻ የሚያደርግ መንገድ ኸሊፍ አያጣም ብዬ ወደ ሱቁ ሮጥኩ። ሱቁ ዝግ ነው። ጎረቤቱ ኸሊፍ ለሥራ ወደ ሸደር፣ ስደተኞች ካምፕ አካባቢ መሄዱን ነገረኝ። ስደውልለት «የደወሉላቸው ደንበኛ» የሚለው ድምፅ መለሰልኝ። ቆሜ ደጋግሜ ደወልኩ፤ ይህም ጊዜ በላ።

ስመለስ ግንቡ ሥር ያሉት ሰዎች ስልካቸውን ወደ ሰማይ አንስተው አየሁ፤ ዝናብ የሚለምኑ ይመስሉ ነበር። ገባሁ። ሀሊሞ ከዋበሪ አልጋ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣለች። ራውተሩን እንደ አራስ ልጅ ጭኗ ላይ አስተኝታዋለች። ሻሿ ወደ ትከሻዋ ተንሸራቷል፤ ስፒሉ በእጇ ነው። ዋበሪ የሚንቀሳቀሰውን ዓይኑን ከላይ ጥሎባታል።

«ማንንም አልከለከልኩም» አለችኝ። «እሱ ራሱ ረሳቸው። አሁን ባዶ ነው፤ ለዴቅ ብቻ ነው። በል አገናኘኝ።»

ስልኳን ተቀበልኩ። የራውተሩ የቀድሞ ስም ጠፍቶ ቁጥርና ፊደል የተቀላቀለበት ሌላ ስም ወጥቷል። ሥሩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አዲሱን ፓስወርድ አንብቤ አስገባሁ። ተገናኘ። ከሥሩ ግን «ኢንተርኔት የለም» አለ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ። አጥፍቼ አበራሁ። ኢንተርኔቱን የምታመለክተዋ አረንጓዴ መብራት እንደጠፋች ቀረች።

ያኔ ገባኝ። ሳጥኑ ጎረቤቶቹን ብቻ አልነበረም የረሳው፤ ራሱን ረስቶ ነበር። ኢንተርኔቱን ከሚያቀርበው ድርጅት ጋር የሚተዋወቅበት ስምና የሚስጥር ቁጥር አለ፤ ያን ኸሊፍ በገዛ እጁ ያስገባው ነው፤ አብሮ ጠፍቷል። እንዴት እንደምነግራት ቸገረኝ። ነገርኳት።

ራውተሩን በመዳፏ ዳበሰችው። «ታዲያ ንገረዋ» አለች። «ስሙን ንገረው።»

«አላውቀውም ኤዶ። ኸሊፍ ነው የሚያውቀው።»

ወደ ድርጅቱ የጥሪ ማዕከል ደወልኩ። ሙዚቃው ተጫወተ፤ አንዲት ትሑት ልጅ አነሳች፤ ነገሩን አስረዳሁና ስልኩን ለሀሊሞ ሰጠሁ።

«መስመሩ በማን ስም ነው እናቴ?»

«በልጄ።»

«እንግዲያው ባለቤቱ ራሳቸው ይደውሉልን፤ ለደንበኛው ደህንነት ነው።»

«እሱ አይሰማም።»

«መስማት በሚችሉበት ሰዓት ይደውሉ።»

«ልጄ፣ ሰዓት የለውም። ጆሮ ነው የሌለው።»

ልጅቱ ይቅርታ ጠየቀች፤ ከልቧ ነበር። ባለቤቱን መስመር ላይ ማግኘት ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። ሀሊሞ «እሱን ለማግኘት ነው እኮ የደወልኩልሽ» አለቻት። በመጨረሻ፣ ነገ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት የባለቤቱን መታወቂያ ይዘን እንድንሄድ ተነገረን። መታወቂያው አዲስ አበባ፣ በዴቅ ሱሪ ኪስ ውስጥ ነው።

በስልኬ ዳታ ሞከርን፤ ደጃፍ ላይ፣ ግንቡ ላይ ወጥቼ። አራት ማዕዘን ብቻ።

ኢሴ ራሱን በበሩ አስገባ። «ኤዶ፣ ዋይፋዩ ታመመ እንዴ? ጨዋታው ሊጀመር ነው፤ ሰዉ እንደ ግመል አንገቱን ሰቅሎ ቀረ።»

«ማሽኑ ተበላሸ» አለች ሀሊሞ ሳታየው።

ከኋላው ኢስተሂል ገባች። ሰፊ ሴት ናት፤ ስትገባ በሩ ይጠብባታል። የሀሊሞን ራስ አየች፤ ጭኗ ላይ ያለውን ሳጥን አየች፤ ከዚያ እጇን። «ሻሽሽን ጥለሽ በስፒሉ ምን ስትሠሪ ነበር?» አለች።

ሀሊሞ ተናገረች። ስለ ዴቅ፣ ስለሚሸፈነው ዓይን፣ ስላልጨረሰችው ነገር። ስትጨርስ ኢስተሂል ታጽናናታለች ብዬ ጠበቅሁ። ተቆጣች።

«ዴቅ ሆስፒታል መተኛቱን ሳትነግሪኝ ጠዋት ዋበሪን አብረሽኝ አጠብሽ?»

«ቤታችሁን በሀዘን ልሞላው?»

«ብትነግሪን ስልኬን ጉድጓድ እጥለው ነበር። ይሄ ሁሉ ሰው ይጥለው ነበር። አንቺ ግን ከኛ ተደብቀሽ በስፒል ትወጊናለሽ።» ወደ ዋበሪ አልጋ ጠቆመች። «ባልሽን ባጠብኩልሽ ቁጥር እንደ ነጋዴ ስትመዘግቢብኝ ኖረሽ ነው?»

ሀሊሞ አንገቷን ደፋች።

«ተነሺ» አለች ኢስተሂል። «ላይኛው መንገድ ያለው ሆቴል ዋይፋይ አለው። ዋበሪ ከእኔ ጋር ነው። ኢሴ፣ ባጃጅህን አስነሳ።»

«ጨዋታው—» አለ ኢሴ። ኢስተሂል ዞር ብላ አየችው። ባጃጁን ሊያስነሳ ሄደ።

አርብ ከሰዓት የጅግጅጋ ዋና መንገድ ሰርግ የወጣ ይመስላል። ኢሴ በመኪናና በአህያ ጋሪ መካከል እየተጠማዘዘ ይከንፋል፤ ሀሊሞ ከጎኔ ተቀምጣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሆቴሉ በር ላይ ዘበኛው በጋርባሳሯ፣ በትከሻ ልብሷ ሥር ያበጠውን ነገር ሲያይ አስቆማት።

«ምንድነው እሱ?»

ራውተሩ ነው። ይዛው መምጣቷን እኔም አላየሁም፤ ገመዱ ተንጠልጥሏል።

«ዋይፋይ ነው» አለችው።

«ዋይፋይ እኛም አለን እናቴ። ከቤት ይዞ የሚመጣ እንግዳ አይቼ አላውቅም» አለና አሳለፈን።

እንግዳ መቀበያው ላይ ንጋቷ የሚል ስም ደረቷ ላይ የለጠፈች ወጣት ተቀምጣለች። «ኢንተርኔቱ አልጋ ለያዘ ብቻ ነው» ማለት ጀመረች። ከዚያ የሀሊሞን ፊት አየች። ምንም ሳትጠይቅ ስልኩን ከእጇ ወስዳ ፓስወርዱን ራሷ አስገባችና መለሰችላት።

ሻርማርኬ ወዲያው አነሳ። ያ ትልቅ ሰውዬ፣ ጺሙ የተጠቀለለው፣ በአንድ ኮሪደር ግድግዳ ላይ ተደግፏል። ምስሉ አልተቆራረጠም፤ የሸሚዙ ክር ይቆጠራል። እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ምስል በሀሊሞ ስልክ ላይ አይቼ አላውቅም።

«በቪዲዮ ደጋግሜ ስደውልልሽ አልሠራም አለ» አለ። «ዓይኑ ደም ጀመረው። እስከ ነገ አይቆይም አሉ። ይዘን አስተኛነው ሀሊሞ። እጁን ከያዙት አንዱ እኔ ነኝ።»

«ከዚያስ?»

«አለቀ። ደህና ሆኖ አለቀ ብለዋል። አሁን አወጡት።»

ስልኩን ይዞ ወደ ክፍሉ ገባ። ዴቅ በጀርባው ተኝቷል። ከግንባሩ እስከ አፍንጫው ነጭ ጨርቅ ነው።

ሀሊሞ አላለቀሰችም። ሆቴሉ ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኩን ወደ ፊቷ አቀረበች። «ሻርማርኬ፣ እጁን ያዝ። ሲነቃ መጀመሪያ የሚያገኘው ያንተን እጅ ይሁን። ‹ክፈት› የሚለውን አስተምርሃለሁ። ጡጫህን መዳፉ ውስጥ አድርግና ቀስ ብለህ ፍታው። አሳየኝ።»

«እንዲህ?»

«እሱ ‹ሂድ› ነው።»

«እንዲህ?»

«እየደበደብከው ነው። ቀስ በል። ቡሎን እንደምትፈታ አድርገህ።»

ሻርማርኬ መፍቻ እንጂ እጅ መያዝ አልለመደም። በአየር ላይ እየደጋገመ ሲለማመድ ዴቅ ነቃ። መጀመሪያ እግሩ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ሁለቱም እጆቹ ወደ ዓይኖቹ ሄዱ። ሻርማርኬ ስልኩን አልጋው ላይ ጥሎ ያዘው፤ የምናየው ክንድና አንሶላ ብቻ ሆነ። የነርስ ድምፅ ሰማን። ትግሉ ቀስ በቀስ በረደ። ሻርማርኬ ስልኩን ሲያነሳ ዴቅ ያለከልካል፤ አንገቱን ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ያስባል። ከዚያ አንዱን እጁን ከራሱ በላይ አነሳ፤ ጣቶቹን ወደ ታች ዘረጋቸው፤ አንድ ላይ ጨበጣቸው።

ሀሊሞ ትንፋሿን ለቀቀች። እኔም ኢሴም አየናት።

«መብራት ጠፋ ነው የሚለው» አለች። «ቤት ውስጥ መብራት ሲሄድ እንዲህ ይለኛል። በጨለማው ማየት አልችልም፤ ግን ያደርገዋል። እኔ ሄጄ እጁን እይዘዋለሁ።»

ከዚያ መመለስ ጀመረች፤ በእጆቿ። ጡጫዋን ከራሷ በላይ አንስታ ጣቶቿን በተነች፤ መብራት ይመጣል። ደገመችው። ፊቱ በጨርቅ ለተጠቀለለ ልጅ፣ በስልክ፣ በሆቴል ሳሎን ውስጥ። ንጋቷ ከጠረጴዛዋ ኋላ ተነስታ ቆመች። ኢሴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ኤዶ፣ አያይሽም» አልኳት።

እጆቿ ወረዱ። «ሻርማርኬ» አለች «ጡጫህን መዳፉ ውስጥ አድርግ። ፍታው። ያው ነው፤ መብራት ሲመጣም ያው ነው። ይመጣል በለው።»

ሻርማርኬ ግንባሩ ላብ አውጥቶ ጡጫውን የልጁ መዳፍ ውስጥ አኖረ። ቀስ ብሎ ፈታው። ዴቅ የአጎቱን ጣቶች አንድ በአንድ በእጁ ዳሰሳቸው፤ መከፈታቸውን አረጋገጠ። ራሱን ነቀነቀ። እጆቹን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ጋደም አለ።

«ገባው» አለ ሻርማርኬ። እያለቀሰ ነበር። «ሀሊሞ፣ ገባው፤ አልሀምዱሊላህ።»

«ስንት ቀን ነው የሚሸፈነው ያሉህ?» አለች።

«ብዙ ነው። ሳምንት ሊደፍን ይችላል።»

ሀሊሞ ልጇን ተመለከተች። ዴቅ በትዕግሥት ይጠብቃል፤ ፊቱን ወደ ጣሪያው፣ አምፑል ይኖርበታል ብሎ ወደሚገምተው ቦታ አቅንቷል። በሰፈራችን መብራት ሲጠፋ ቢቆይ እስከ ማታ ነው፤ ሲከፋ እስከ ጠዋት። ዴቅ ይህን ያውቃል። እስከ ጠዋት ይጠብቃል።

«ቀን» የሚለው ምልክታቸው ክንድን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ማሳለፍ ነው፤ በዓይን የሚታይ እንጂ በእጅ የሚዳሰስ አይደለም፤ ስንት ቀን እንደሚቆይ የሚነግረው ሌላ መሠራት አለበት። ሀሊሞ ራውተሩን ከጭኗ አንስታ ሶፋው ላይ አኖረችው። በግራ መዳፏ ላይ በጣቷ አንድ ቅስት ሳለች። ቆም ብላ ሌላ ሳለች። ከዚያ እጄን ጎተተችና መዳፌን ገለበጠችው።

«ዓይንህን ጨፍን» አለችኝ።

ጨፈንኩ። ጣቷ ከአውራ ጣቴ ሥር ተነስቶ ወደ ትንሿ ጣቴ ሄደ። ቆመ። ተመልሶ እንደገና ሄደ።

«ምን አልኩህ?»

«አላወቅሁም ኤዶ።»

ሰሌዳ እንደሚጠርግ ሰው በመዳፏ መዳፌን ጠረገችና እንደገና ጀመረች።